ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩት እኛ ጃንጥላ ስንዘረጋ ነው

ሰኔ ሲገባ የመሐል አዲስ አበባ መናፈሻዎች ባዶ ይሆናሉ። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ሳር ይረሰርሳል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ውሃ ያቁራል። ጀበና ቡና የሚያፈሉት ልጆች ሸራቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። እኔ መናፈሻ መሄድ የምወደው ያኔ ነው። ሰዉ ቤቱ ሲከተት ወፎቹ የዓመቱን ትልቁን ሥራቸውን ይጀምራሉ። ጎጆ ይሠራሉ፣ እንቁላል ይታቀፋሉ፣ ጫጩት ያሳድጋሉ።

ወፍ ማየት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት በጋ ነው። ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ሲጠራ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹት ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚወርዱት ያኔ ነው፤ ቱሪስቱም እነሱን ተከትሎ ይመጣል። ብዙ ዓይነት ወፍ ለመቁጠር በጋ ይሻላል፣ አልክድም። ወፍ ሲኖር ለማየት ግን፣ ሲጋባ፣ ሲጣላ፣ ሲለፋ ለማየት ማለቴ ነው፣ ክረምት ይበልጣል። ለዚያ ደግሞ መኪና ተከራይቶ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው ዛፍ ይበቃል።

ለምን ክረምት? በሰሜኑ ዓለም የሚኖር ወፍ የጋብቻ ወቅቱን የሚያውቀው በቀኑ መርዘም ነው። ፀሐይ ቶሎ ትወጣለች፣ ዘግይታ ትጠልቃለች፣ ሰውነቱም በዚያ ይነቃል። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ የእኛ ወፎች ትልቁ ምልክት ዝናብ ነው። ዝናብ ሲጥል ሳር ይበቅላል። ቅጠል ይለመልማል። ቅጠሉ ላይ አባጨጓሬ ይመጣል። ዋናው ነገር ይኸው አባጨጓሬ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጥሬ ከሚለቅሙት ወፎች እንኳ ብዙዎቹ ለጫጩቶቻቸው በብዛት የሚያጎርሱት ነፍሳትን ነው። የትንሽ ወፍ ጫጩት ከእንቁላል ወጥቶ እስኪበር ድረስ ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከራቁት ሥጋ ተነስቶ ሙሉ ላባ ማብቀል አለበት። በጥሬ ብቻ አይሆንም።

ሁሉም በክረምት ይፈለፍላል ማለቴ አይደለም። በበልጉ ዝናብ የሚጀምሩ አሉ። እርግቦቹማ ብዙም ወር አይመርጡም። ግን አንድ ሰው በዓመት አንድ ወቅት ብቻ ወፍ ማየት ይችላል ቢባልና ቢጠይቀኝ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በለው እላለሁ።

ሰዓቱ ንጋት ነው። በክረምት የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚዘንበው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሌሊቱን የዘነበው ከቅጠል ላይ እየተንጠባጠበ፣ ደመናው ከእንጦጦ ላይ ሳይነሳ፣ ወፉ ሁሉ ይንጫጫል። ከቤት ሳትወጡ የምትሰሙት ጋጋኖን ነው። በዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ድምፁን ያውቃል። ጣሪያ ላይ እየተንጫጩ የሚያልፉት፣ የተኛ ሰው የሚቀሰቅሱት ትልልቅ ወፎች ናቸው። አንገቱ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ መንቁሩ ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለው። መናፈሻው ውስጥ ሳሩ ላይ ተሰልፈው መንቁራቸውን እስከ ሥሩ አፈር ውስጥ ሲሰኩ ታገኟቸዋላችሁ። ትልና ዕጭ እየለቀሙ ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በዓለም የትም የለም። ሰው ከሌላ አህጉር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለትን ወፍ እኛ ታክሲ ስንጠብቅ እናየዋለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለው ሀብታችን ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነሱ ውስጥ ለዚህ ደጋ ብቻ ከተሰጡት አንዳንዶቹ መሐል ከተማ ገብተው ይኖራሉ። ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራ አንዱ ነው፤ በዓለም ካሉት ቁራዎች ሁሉ ከትልልቆቹ ይመደባል። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያና የድሮ ሕንጻ ጠርዝ ላይ የሚያድረው፣ አንገቱ ላይ ነጭ ያለው እርግብ ሌላው ነው። እነዚህን ለሳይንስ የመዘገባቸው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን የዞረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ወፎቹ ግን ከተማው ሳይቆረቆር እዚሁ ነበሩ።

አሁን ወደ ጎጆው ልግባ።

ስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ከሰጡት ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤተ መንግሥት ስለነበር ትልልቅ ዛፎቹ ሳይነኩ ቆይተዋል። በአንዱ ዛፍ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንድ ቢጫ ወፍ ሥራ ጀምሮ ነበር። ግንባሩና ደረቱ ቢጫ፣ ዓይኑን ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ፣ ዓይኑ ራሱ ፈዛዛ ቢጫ። በአዲስ አበባ ግቢዎች ሁሉ ያለ ወፍ ነው፤ ቤታችሁ ጽጌረዳ ካለ እሱም አለ።

መጀመሪያ ሳሩን አመጣጡን ተመለከትኩ። ረጅም የሳር ቅጠል ላይ ያርፍና ጠርዙን በመንቁሩ ነከስ ያደርገዋል። ከዚያ ነክሶ እንደያዘ ይበራል። ሲበር ቅጠሉ ከታች እስከ ላይ ይሰነጠቃል፤ ቀጭን ረጅም ክር ይዞ ይሄዳል። ክሩን ቅርንጫፉ ላይ በእግሩ ይረግጠዋል። በመንቁሩ ጫፉን ያዞራል፣ በሥሩ ያሾልካል፣ ይጎትታል። እንደገና ያዞራል። ያሾልካል። መጀመሪያ የሚሠራው ጎጆ ሳይሆን ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከጸና በኋላ ውስጡ ይቆምና መንቁሩ እስከሚደርስበት ድረስ ወደፊት ይሠራል፤ እሱ እንቁላል የሚቀመጥበት ክፍል ይሆናል። ወደ ኋላው መግቢያውን ይሠራል። የጎጆው ስፋት የሚወሰነው በራሱ ቁመት ነው። ሜትር አያስፈልገውም።

መግቢያው ወደ ታች የዞረ ነው። ዝናብ አይገባም። ቅርንጫፉ ደግሞ በጣም ቀጭን ነው። ድመት ብትወጣ አይሸከማትም፣ አይጥም ይቸግራታል። ውስጡን ሴቷ ታነጥፈዋለች፤ ለስላሳ የሳር አናትና ላባ ትሸከማለች። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል። ብዙዎቹ የዚህ ወፍ ዘመዶች አንድ ዛፍ ላይ በርካታ ሆነው ሰፈር መሥርተው ነው የሚኖሩት። ይኼኛው ግን ባልና ሚስት ሆኖ ለብቻው ነው። ለዚህም ይመስለኛል አካባቢውን አጥብቆ የሚጠብቀው። መኪና ማቆሚያው ላይ የቆመ አንድ ቪትዝ ስፖኪዮ ላይ የራሱን መልክ አይቶ ሌላ ወንድ መጣብኝ ብሎ ሲዋጋ ቆየ። ይጠጋል፣ ይነክሳል፣ ይመለሳል። ባለመኪናው መጥተው ስፖኪዮውን በፌስታል ሸፈኑለት። በዚያ ወቅት የቆመ መኪና ያላችሁ እንዲሁ አድርጉ። ለእናንተ ምንም አይደለም፣ እሱ ግን ለሚስቱና ለልጆቹ የሚያውለውን ጉልበት መስታወት ላይ ይጨርሳል።

ከአዳዲሶቹ የመስታወት ሕንጻዎች ጋር ያለው ችግር ከዚህ የከፋ ነው። መስታወቱ ሰማይና ዛፍ ያንጸባርቃል፤ ወፉ ሰማይ መስሎት ይገባበታል። በዓለም ዙሪያ በብዛት ወፍ ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። መስታወቱ ላይ በውጭ በኩል ቀረብ ቀረብ ያሉ ነጠብጣቦች ወይም መስመሮች ካሉበት ወፉ ግድግዳ መሆኑን ያያል። ሕንጻ የምትሠሩ ይህንን አስቡበት።

የሰኔን ድምፅ ሳላነሳ አላልፍም። ሦስት ድምፅ ነው፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሳይታክት የሚደጋገም። ዛፍ ውስጥ ተደብቆ ስለሚጮኽ ባለቤቱን ማየት ይከብዳል። ጀርባው ግራጫ፣ ደረቱ ቀይ ቡናማ የሆነ ወፍ ነው። ዝናብ ሲቃረብ መጮኽ ይጀምራል። ሴቷ ጎጆ አትሠራም። የሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በተለይ ቁጥቋጦ ሥር እየዘለሉ ነፍሳት የሚለቅሙትንና ጥሩ የሚዘምሩትን ወፎች ትመርጣለች። ጫጩቷ ከተፈለፈለ በኋላ የባለቤቶቹን እንቁላልና ልጆች ከጎጆው ገፍቶ ይጥላል። ትንሿ ወፍ ከእሷ የሚበልጥ ጫጩት ስትመግብ ማየት ያሳዝናል። ግን ክፉ ብዬ አልፈርድባትም። የእሷም ዘር በዚህ መንገድ ነው እስከዛሬ የቆየው።

ጥቁርና ነጭ ለብሶ አጥር ሽቦ ላይ የሚቀመጠውን፣ ጅራቱ ረጅም የሆነውን ወፍም ታውቁታላችሁ። መንቁሩ ጫፉ ላይ የቆለመመ ነው። ይህ ወፍ ፌንጣ ይይዝና እሾህ ላይ ይሰካዋል፤ ልክ ሥጋ ቤት ብልት እንደሚሰቀል። እሾህ ካጣ በሽቦው ሹል ይጠቀማል። አንድ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ፌንጣ፣ ጥንዚዛና ግማሽ እንሽላሊት ተሰክቶ አግኝቻለሁ። ከጎኑ ጎጆው ነበር። ሲዘንብ ነፍሳት አይበሩም፤ ያኔ ከተሰቀለው ያወርዳል።

አበባ የሚቀስሙት ትንንሾቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ስታገኘው ሐምራዊና ወርቃማ ያብረቀርቃል። ከጅራቱ መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። በሳይንስ የሚጠራው በተከዜ ወንዝ ስም ነው። ጎጆውን የምትሠራው ሴቷ ብቻዋን ነች። ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት ነው፤ ሳሩንና የዛፍ ሽበቱን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ነው። ድሩ ይለጠጣል፤ ጫጩቱ ሲያድግ ጎጆውም አብሮ ሰፋ ይላል። ግድግዳችን ላይ ያለውን የሸረሪት ድር ሁሉ በመጥረጊያ ከማውረዳችን በፊት፣ ቢያንስ ከቤት ውጭ ያለውን፣ ብንተወው ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ልቤን ወደሚያቃጥለው ነገር ልምጣ። እሱም አሮጌ ዛፍ ነው።

መሐል አዲስ አበባ ውስጥ በቀቀን እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። አለ። አረንጓዴ ነው፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ከነግንባሯ አረንጓዴ ነች። በጣም በፍጥነት፣ ስል ድምፅ እያሰማ በቡድን ያልፋል፤ ሰው ቀና ሳይል ይጠፋል። የጽድ ፍሬና ሾላ ይወዳል። ይህም ለእኛና ለኤርትራ ደጋ ብቻ የተሰጠ ነው። ይህ በቀቀን ጎጆ አይሠራም። ዛፍ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀዳዳ ደግሞ አዲስ ዛፍ ላይ የለም። ቅርንጫፍ መሰበር አለበት። የተሰበረው ቦታ መበስበስ አለበት። ወይም ግንደ ቆርቁር መጥቶ መቦርቦር አለበት። ይህ ሁሉ በአሥርተ ዓመታት የሚቆጠር ነገር ነው።

እና ግቢ ሲታደስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የትኛው ዛፍ ነው? የደረቀ ቅርንጫፍ ያለበት። ግንዱ የቦረቦረ። "ያረጀ ነው፣ ይወድቃል" ይባላል። አንዳንዱ እውነትም ይወድቃል፣ መንገድ ላይ ያለ ከሆነ ለሰው ሕይወት ማሰብ ግድ ነው። ነገር ግን ከመንገድ ርቆ፣ ሳር መሐል ብቻውን የቆመውስ? እሱ ማንን ይጎዳል? የደረቀውን ጫፉን ብቻ ቀንሶ ግንዱን መተው ይቻላል። ቀዳዳውን ከበቀቀኑ ሌላ ድንቢጡም፣ ጉጉቱም፣ የሌሊት ወፉም ይፈልገዋል።

እኔም በየክረምቱ ችግኝ እተክላለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስንወጣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አካፋ እይዛለሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል። አሮጌውን ዛፍ ቆርጦ በምትኩ አሥር ችግኝ መትከል ግን ለበቀቀኑ ምንም አያደርግለትም። የዛሬ ችግኝ ቀዳዳ እስኪያበጅ የልጅ ልጅ ያረጃል። በቀቀኑ የሚፈልገው ዘንድሮ ነው። ስለዚህ አዲሱም ይተከል፣ አሮጌውም ይቁም። ከምንተክለው ውስጥ ደግሞ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ሾላ ይብዛ። ወፎቻችን የሚያውቁት ፍሬ የእነዚህን ነው። ባሕር ዛፍ ላይ ጭልፊትና ቁራ ጎጆ ይሠራሉ፤ ለሌሎቹ ግን የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው።

ሌላው ነገር መቀስ ነው። ስሙን በማልጠራት አንዲት መናፈሻ ውስጥ በሐምሌ አጋማሽ አትክልተኛዋ የአጥሩን ቁጥቋጦ ሲያስተካክሉ ደረስኩ። ባርኔጣ አድርገዋል፣ በላዩ የዝናብ ፕላስቲክ ደርበዋል። ቁጥቋጦው ውስጥ ረጅም ጅራት ያላቸው ግራጫ ቡናማ ወፎች ሲገቡና ሲወጡ አይቻለሁ። በቡድን የሚኖሩ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን የሚያሞቁ ናቸው። ቅጠልና ፍሬ ስለሚበሉ ሙቀቱ የበሉትን ለመፍጨት ይረዳቸዋል።

"እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ጎጆ አለ እኮ" አልኳቸው።

"አየሁት ልጄ። ለዚህ አይደል ዙሪያውን የተውኩት?"

እውነትም ትተውታል። አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ሆኖ ተቆርጧል። አንድ ቦታ ላይ ግን ክንድ የሚያህል ጎፈሬ ወጥቷል። ቅጠሉን በአንድ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ጥልቀት የሌለው የጭራሮ ጎጆ ነው። ውስጡ ሦስት ጫጩቶች፣ ገና ላባቸው ያልሞላ፣ ድምፅ ሲሰሙ አፋቸውን ከፈቱ። ቶሎ ቅጠሉን መለሱት።

"ብዙ አይገለጥም" አሉኝ። "ቁራው ያያል። ሰው ካየ ቁራ ያያል።"

ይህንን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ዓመታት እዚያው ሠርተው ነው ያወቁት። ቁራ ሰውን ይከታተላል፤ ሰው ደጋግሞ የሚያጎነብስበት ቦታ ምን እንዳለ መጥቶ ሊፈትሽ ይችላል። ወፍ ለማየት ለሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያው ሕግ ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

"አለቃ ግን ይቆጣል" አሉ ቀጥለው። "አጥሩ ወጣ ገባ ሆነ ይላል። ነገ መጥቶ ቁረጪው ካለ ምን አደርጋለሁ?"

ኃላፊውን ሄጄ አነጋገርኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሻይ አዘዙልኝ። ችግራቸውንም ነገሩኝ። ክረምት ላይ ቁጥቋጦ በሳምንት ውስጥ ነው የሚያብደው። ካልተቆረጠ መንገዱን ይዘጋል። ጎብኚው ያማርራል። ከበላይ መጥተው ሲያዩ "ምን ትሠራላችሁ?" ይባላሉ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ እንዲህ ነው። ትልቁ ቆረጣ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና ይደረግ። ከዚያ እስከ መስከረም መጨረሻ በእግር መንገዱ በኩል ያለው ብቻ በስሱ ይከርከም፤ ከኋላ ያለው ይቆይ። ከመቁረጥ በፊት አትክልተኛዋ ዞረው ይዩ። ጎጆ ካገኙ ዙሪያውን ለሦስት ሳምንት ይተዉት። ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ጫጩቶቹ ያኔ ወጥተዋል። ወጪ የለውም። ተጨማሪ ሠራተኛም አይጠይቅም። እንዲያውም ሥራ ይቀንሳል።

"እሷ እንድትወስን ነው የምትለው?" አሉኝ።

"አዎ። ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ታውቃለች።"

ተስማሙ። ጎፈሬው ቀረ። ጫጩቶቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ በአጥሩ ላይ ተደርድረው እየተመገቡ አየኋቸው፤ ጅራታቸው ገና አጭር ነበር።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ባይኖኩላር ካላችሁ ጥሩ፣ 8 በ42 የሚባለው (8 ጊዜ የሚያጎላው) ለጀማሪ በቂ ነው፤ ከሌላችሁ ዓይን ይበቃል፣ የከተማ ወፍ ሰው ለምዷል። አራት ኪሎ አካባቢ ቤተ መንግሥትና መሥሪያ ቤት ስላለ ባይኖኩላር ወደ አጥር ግቢ አታዙሩ። መግቢያው ላይ ለጥበቃዎቹ ሰላምታ ሰጥታችሁ ምን ልታዩ እንደመጣችሁ ንገሯቸው። ብዙ ጊዜ እነሱም ያዩትን ይነግሯችኋል፤ ሌሊት የምትጮኸውን ጉጉት ቦታ የማውቀው ከአንድ የሌሊት ጥበቃ ነው። ጎጆ ስታገኙ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ወላጁ ወፍ አፉ ውስጥ ትል ይዞ ወደ ጎጆው ካልገባ፣ እናንተን ፈርቶ ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ፍላሽ አታብሩ። በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወታችሁ አትጥሩት፤ ሌላ ወንድ መጣ ብሎ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። የጎጆውን ቦታ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ።

መሬት ላይ ጫጩት ካገኛችሁ ደግሞ ወደ ቤት አትውሰዱት። ላባ ያወጣ ከሆነ መብረር እየተማረ ነው፤ እናትና አባቱ ቅርብ አሉ። መንገድ ላይ ከሆነ አንስታችሁ ቁጥቋጦ ላይ አድርጉት። ሰው የነካውን እናቱ ትተወዋለች የሚባለው እውነት አይደለም። ገና ራቁቱን ከሆነና ጎጆው ከታየ ወደ ጎጆው መልሱት። ልጆች ካሏችሁ ይህንን አብረዋችሁ ይሥሩ። የእኔ እህት ልጅ ካየ ጀምሮ ወንጭፉን አልነካም።

ከሁሉ ያላለቀው የሳር ጉዳይ ነው። በነሐሴና በመስከረም ረጅም ሳር ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር ሆነው ወገባቸውና ትከሻቸው ቢጫ የሆኑ ወፎች ታያላችሁ፤ ላባቸውን አፍነሽንሸው ሳር ላይ ዝቅ ብለው ይበራሉ። ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም፣ መንቁሩ ቀይ የሆነ ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍም አለ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር የመስቀል ወፍ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መስቀል ሲያልፍ ይጠፋሉ ይባላል። አይጠፉም። ወንዶቹ የሰርግ ላባቸውን አውልቀው ቡናማ ይሆናሉ፤ ድንቢጥ መስለው እዚሁ መሐላችን ይከርማሉ። ያ ሁሉ ድምቀት ለሴቷ ነው። ባለ ረጅም ጅራቱ ሴት እንቁላሏን የምትጥለው በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ነው፤ የባለ ቢጫ ትከሻው ሴት ጎጆ ግን ሳሩ ውስጥ ነው። ማጨጃ ማሽን ሲያልፍ ጎጆውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ እዚያችው መናፈሻ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ ማንም የማይቀመጥበት ጥግ፣ ሳሩ እንዲተው ጠየቅሁ። ኃላፊው እስከ መስቀል ማግስት ፈቅደዋል። እኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ እያልኩ ነው፤ ሳሩ ፍሬ በደንብ የሚይዘው ከመስቀል በኋላ ስለሆነና ከጎጆ የወጡት ጫጩቶች የሚለቅሙት እሱን ስለሆነ። እሳቸው "ረጅም ሳር እባብ ያመጣል" ይላሉ። አትክልተኛዋ በዚህ ከእኔ ጋር ናቸው፤ እዚያ ጥግ እባብ አይተው አያውቁም። ሐሙስ ሦስታችን አብረን ሄደን ቦታውን እናያለን።